ሞተር አርፏል

«አንዲት ከገጠር የመጣች ዘመዳችን ነካክታ አቃጠለችው» አለ ገብረዋሕድ በስልክ። ሃረገወይን ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ክፍሏ ውስጥ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ለዛሬ የምትለብሰውን ነጠላ ታጣጥፍ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ወንድሟ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ አልሞከረም፤ የሚደብቀው ነገር ያለም አልመሰለውም። ከስልኩ ወዲያ ማዶ ያለው ኢስሐቅ የሚባለው ኤሌክትሪሺያን መሆኑን አውቃለች። ባለፈው ማክሰኞ የሳሎኑን ባለ ሞተር መጋረጃ ሰቅሎ የሄደ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያለው የወሎ ልጅ ነው። ገብረዋሕድ፣ ዛሬ እሑድ ቢሆንም፣ ታክሲ በኮንትራት ይዞም ቢሆን፣ ካህናቱ አዲሱን ቤት ሊባርኩ ሳይመጡ እንዲደርስለት ለመነውና ስልኩን ዘጋ። ሃረገወይን ነጠላውን አጥፋ ስትጨርስ እንደገና ዘርግታ ማጠፍ ጀመረች። አቃጠለች መባሉን ችላው ነበር፤ ሰው ያየውን ነው የሚያወራው። ከገጠር የመጣች መባሉንም ችላው ነበር፤ ዓዲግራት ከተማ እንጂ ገጠር ባይሆንም። ያልተዋጠላት «ዘመዳችን» የምትለዋ ናት። ከአንድ እናት የተወለዱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እሱና እሷ። ሌላ ወንድም የላት፣ ሌላ እህት የለው።

ነገሩ የሆነው ከስልኩ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሳሎኑ ወደ ግቢው በር የሚያይ አራት ሜትር ስፋት ያለው መስኮት አለው። ገብረዋሕድ ሴራሚክ ሊገዛ ዱባይ በሄደበት ጊዜ አንድ ሱቅ ውስጥ ይህን መጋረጃ አየ፤ ሪሞት ሲጫኑለት የሰው እጅ ሳይነካው እየተጠቀለለ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ሲጫኑለት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ወፍራም ወተት የመሰለ ጨርቅ። ከነቀረጡ ስድስት ሺህ ብር ፈጀበት። ይህን ለሃረገወይን የነገራት ራሱ ነው፤ ዕቃውን ከካርቶኑ እያወጣ፣ ድሮ ከትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ይዞ ሲመጣ እንደሚያያት እያያት። እሷ በልቧ በስድስት ሺህ ብር ስንት ጥንድ የወፍጮ ድንጋይ እንደሚገዛ አስባ፣ በአፏ ግን «እሰይ፣ ይገባሃል» አለችው። ያለችውም ከልቧ ነው። ከሩዋንዳ ኤምባሲ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ባለው ሰፈር እንዲህ ያለ መጋረጃ ያለው ሌላ ሰው እንደሌለ የግቢው ጠባቂ ሳይቀር ለመንገደኛ ያወራል። እሷም ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም አጠገቧ ለተቀመጠች ለማታውቃት ሴት ነግራለች፤ የወንድሜ ቤት ብላ።

ዛሬ ማለዳ ልጆቹ ከአልጋቸው እንደወረዱ ሪሞቱን ተናጠቁ፤ አንዱ ሲያወርድ ሌላው ሲያወጣ ቆዩ። ከዚያ የገብረዋሕድ ሚስት ሰምሃር አቧራ ይዞ እንደሆነ ለማየት አወረደችው፣ አወጣችው። ጎረቤቷ ሰፌድና ትሪ ልታውስ መጥታ ነበርና ለእሷም ታየላት፤ ሁለት ጊዜ። ወንበር በኪራይ ያመጡት ሰዎች በመስኮቱ ወዲያ ቆመው «እስቲ ድገሙት» ቢሉ ለእነሱም ተደገመላቸው። በመጨረሻ ሰምሃር መልካም አስባ ሪሞቱን ለሃረገወይን ዘረጋችላት። እርስዎም ይሞክሩት እንጂ፣ እትዬ ሃረግ፣ አለች። ሃረገወይን ጣቷን በነጠላዋ ጠርጋ አንድ ጊዜ ተጫነች። መጋረጃው እስከ መስኮቱ ወገብ ወርዶ ቀጥ አለ። እንደገና ተጫነች። አልተንቀሳቀሰም። ባትሪው ይሆናል ተብሎ ከኪዮስክ አዲስ ባትሪ ተገዛ፤ ባለ ኪዮስኩ ድግስ መኖሩን ስላየ በአንዱ ላይ ሃምሳ ሳንቲም ጨመረበት። ገብረዋሕድ ሪሞቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ እፍ አለበት፣ ክንዱን ዘርግቶ ወደ ጣሪያው አነጣጠረ። ምንም የለም። በዚህ መካከል ሃረገወይን ወንበር ላይ ወጥታ፣ ጨርቁ የሚጠቀለልበት ቱቦ ግድግዳው ላይ የተያዘበትን ብረት በእጇ ጀርባ ነካች። ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይፋጃል። ሰምሃር ኧረ ይተዉት፣ ይይዝዎታል ብላ ጮኸችባትና ሃረገወይን ወረደች። ሞቆ ነው ልትል አፏን ስትከፍት ሁሉም እሷን እንደሚያዩ አየች። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ትመልስለት ነበር። ምን ታድርግ፣ አታውቅ፣ የሚል ይቅርታ ነበር ያለው፤ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ ወደ ክፍሏ ገባች።

ሰምሃር ክፉ ሰው አይደለችም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ለባሏ እህት ወተት አሙቃ የምታቀርብ፣ ሳታስቀድማት ማዕድ የማትቆርስ ሴት ናት። ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ሃምሳ ሰው ተጠርቷል፣ ከተጠሩትም ውስጥ የባሏን ብድር የሚፈቅዱ የባንክ ሰዎች አሉ። ወደ ሃረገወይን ክፍል ገባችና፣ ዓይኗን ከታጠፈው ነጠላ ላይ ሳታነሳ፣ የእንግዶች ኮትና ቦርሳ ማስቀመጫ ስለጠፋ ለዛሬ ብቻ ከኋላ ያለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ቢሆኑልን ምን ይመስልዎታል ብላ ጠየቀች። ትልልቆቹ እንግዶች እስኪሸኙ ነው። ፍራሹን ጠባቂው ይወስደዋል። ሃረገወይን «እሺ፣ ልጄ» አለች። ይህ ክፍል ማለዳ ፀሐይ የሚገባበት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአውቶቡስ ወርዳ ስትገባ ገብረዋሕድ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀምጦ፣ እንግዲህ ያንቺ ነው፣ ከዚህ በኋላ የትም አትሄጂም ብሏት ነበር። አሁን ፍራሹ ተጠቅልሎ ሲወጣ እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ክራቫት ያስራል። አየ። አንድ ነገር ሊል የፈለገ መሰለ፤ ከዚያ በደንብ የታሰረውን ክራቫት ፈታና እንደ አዲስ ማሰር ጀመረ። በመካከላቸው ፍራሹ አለፈ። ሃረገወይን ሰርቪስ ቤቱን አልፈራችም፤ ከዚያ የባሰ ቤት ውስጥ ኖራለች። የፈራችው ስሙን ነው። ዛሬ ያቃጠለችው የገጠር ዘመድ ተብላ ከኋላ ከተቀመጠች ነገም እዚያው ናት። ፍራሽ ወደ ኋላ ሲሄድ ቀላል ነው፤ ወደ ፊት የሚመልሰው ሰው ግን ምክንያት ይፈልጋል።

ከኋላ፣ በሰርቪሱና በዋናው ቤት መካከል ባለው ስሚንቶ ላይ፣ ለድግሱ የተቀጠረችው ወጥ ሠሪ አሰፋሽ ሦስት ብረት ድስት ጥዳለች። ትልቅ ሴት ናት፣ ምላሷም እንደ ቢላዋዋ ነው። ሃረገወይን ሥራ ስጡኝ ስትላት ከላይ እስከ ታች አየቻትና አንድ ሰፌድ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት አስታቀፈቻት። የቤቱ ሰው ነሽ ወይስ እንደኔ በቀን ሂሳብ ነሽ ብላ ጠየቀቻት። ሃረገወይን የቤቱ ሰው ነኝ አለች። አሰፋሽ፣ የቤቱ ሰው ሆነሽ ነጭ ሽንኩርት የምትልጪ ከሆነ እኔ ባለቤቷ ነኝ ማለት ነው ብላ ሳቀች። በየሃያ ደቂቃው አውሮፕላን ከጣሪያው በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የድስቶቹ ክዳን ይንቀጠቀጣል፤ አሰፋሽ ማማሰያዋን ወደ ሰማይ እያነሳች፣ አንተ ደግሞ ሳትጠራ መጣህ ትለዋለች። ሥጋ ዘንድሮ እንዴት እንደተወደደ፣ ቅቤ ኪሎው ስንት እንደገባ፣ የቦሌ ሰው ደግሶ ድስት እንደማይልስ፣ ይህን ሁሉ ታወራለች። ሃረገወይን ትሰማለች፣ ትልጣለች። የሽንኩርቱ ክምር ቀስ በቀስ ነጭ ሆነ።

ኢስሐቅ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሠላሳ ዓመት ገና ያልሞላው፣ ቀጭን፣ መሣሪያዎቹን በአሮጌ የሐኪም ቦርሳ የሚይዝ ሰው ነው። ወደ ሳሎኑ ገባ፤ ምንም ሳይፈታ መጀመሪያ ሪሞቱን ተቀብሎ ተጫነ። መጋረጃው ጉርርር ብሎ ወጣ። ገብረዋሕድ አቅፎ ሳመው፤ ኪሱ ገብቶ ብር አወጣ። ኢስሐቅ ምንም አልነካሁም፣ ለምኑ ነው የሚከፍሉኝ ብሎ አልቀበልም አለ። ገብረዋሕድ ይህን እንደ ትሕትና ቆጠረው፤ እጅህ ራሱ መድኃኒት ነው አለውና፣ ምሳ እስኪበላ እንዲቆይ፣ ነገሩ እንደገና ቢያምፅ ከአጠገቡ እንዳይርቅ ለመነው። ኢስሐቅ ግን ልቡ አላረፈም። ያልሠራው ነገር ሲስተካከል ያልገባው ነገር አለ ማለት ነው። የመብራት ቆጣሪውና ማከፋፈያው ሣጥን ሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ያንን ለማየት ወደ ኋላ መጣ። ሣጥኑን ከፍቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሲነካካ ሃረገወይን ከበርጩማዋ ሆና ታየዋለች። ጥሩ ሠራተኛ መሆኑን አወቀች። ጥሩ ሠራተኛ አይቸኩልም።

«ሽቦው ደህና ነው፣ ልጄ» አለችው። «ሞተሩ ነው። ሲቆም ነክቼዋለሁ፤ ይፋጅ ነበር።»

ኢስሐቅ ዞር ብሎ አያት። በስልክ የሰማው ትዝ ሳይለው አልቀረም፣ ትንሽ አፈረ። እናቴ፣ በየት በኩል ነው የነኩት ብሎ ጠየቀ። በስተቀኝ፣ ቱቦው ግድግዳ የሚነክስበት ብረት ላይ፣ በእጄ ጀርባ አለችው። ሞተር በመዳፍ አይነካም፤ ቢይዝ መዳፍ ይጨብጣል፣ የእጅ ጀርባ ግን ይሸሻል። ኢስሐቅ ይህን የተማረው በተግባረ ዕድ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ማን አስተማረዎት አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ወፍጮ ቤት ይዣለሁ አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ ያልነበረ ነገር ገባ። ዓዲግራት ገበያው ራስ ላይ፣ መጀመሪያ በናፍታ፣ ኋላም በመብራት የሚሠራ። ጤፉም ስንዴውም ገብሱም በእጇ አልፏል። የቅዳሜ ገበያ ዕለት ሴቶቹ ተሰልፈው ሞተሩ ሳያርፍ ሲፈጭ ይውልና፣ በጣም ሲግል ከውስጡ ያለችው ማቋረጫ ራሷ መብራቱን ትቆርጥበታለች። ያኔ ሰው ዝም ብሎ ቢጠብቅ ሞተሩ በርዶ ይነሳል፤ ቢያስገድደው ግን እውነትም ይቃጠላል። «በሬም ቢሆን እኮ በቀትር ይፈታል» አለችው። «ይኼን ደግሞ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ላየው ሁሉ ሲያሳዩበት ነበር።»

ኢስሐቅ ከቦርሳው ውስጥ የመጋረጃውን ወረቀት አወጣ። በሰባት ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ አማርኛ ከሰባቱ አንዱ አይደለም። እንግሊዝኛውን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበ። በደቃቅ ፊደል፣ ሞተሩ በተከታታይ ከአራት ደቂቃ በላይ ከሠራ ራሱን እንደሚያጠፋና እስኪቀዘቅዝ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሚፈልግ ተጽፏል። አንድ ጊዜ ወጥቶ መውረድ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። በጣቱ ቆጠረና ወረቀቱን አጠፈ። እስከዚህ ገጽ አላነበብኩትም ነበር፣ እናቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። አሁኑኑ ነግሬያቸው ልምጣ ብሎ ተነሳ። ሃረገወይን ከበርጩማዋ ብድግ ብላ ቁርስ መብላት አለመብላቱን ጠየቀችው። ሙስሊም ስለሆነ የድግሱን ሥጋ እንደማይበላ ታውቃለችና ከድፎው ዳቦ ሰፋ ያለ ቁራሽና ለስላሳ መጠጥ ለየችለት፤ አሰፋሽም እያጉረመረመች ምስር ወጥ ጨመረችበት።

ግን ነገሩ ሰሚ አላገኘም። ኢስሐቅ ፊት ለፊት ሲደርስ ካህናቱ ጸበሉን ይዘው በር ላይ ነበሩ። ገብረዋሕድ አንድ ጆሮውን ሰጠው፤ እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል፣ ብቻ አትሂድብኝ አለና ወደ ካህናቱ ሮጠ። ኢስሐቅ ሊከተለው ፈለገ፤ በጸሎት መካከል ስለ ሞተር ማውራት ነውር መሰለውና ተመለሰ። ጸበሉ ክፍል በክፍል ተረጨ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ እንግዶች መምጣት ጀመሩ። ገብረዋሕድ በር ላይ ቆሞ ይቀበላል። የመጣው ሁሉ ስጦታውን ያስቀምጣል፣ ቤቱን ይመርቃል፣ ከዚያ ያ የምንሰማው መጋረጃ የታለ ይላል። ለመጣው ሁሉ ማሳየት ግድ ነው። ለአንዱ አሳይቶ ለሌላው ማለፍ፣ ላንዱ ጉርሻ ሰጥቶ ሌላውን እንደመዝለል ነው፤ ሰውም ይቀየማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወደ ሳሎኑ ሲገባ መጋረጃው ይወርዳል፣ የጣሪያው ክሪስታል መብራት ይበራል፣ ሁሉም እሰይ ይላል፣ መጋረጃው ይወጣል። ሃረገወይን ከኋላ፣ በማድ ቤቱ መስኮት በኩል የሞተሩን ድምፅ ትሰማ ነበር። ሳታስበው መቁጠር ጀመረች። አምስት። ስድስት። ሰባት። በመጀመሪያ ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው፤ አሁን ወፍራም እየሆነ ነው። ተነስታ እስከ ማድ ቤቱ በር ሄደች። እዚያ ስትደርስ ትልልቆቹ እንግዶች እስኪሸኙ የተባለው ትዝ አላት። ቆመች። በሩን አልፋ ብትገባ፣ መጥታ ነካካች ይባላል። ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ገና እየቆጠረች ሳለ፣ የሚወርደው መጋረጃ ታች ሲደርስ ጠቅ አለና፣ ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ጥቂት ቆይታ ሰምሃር በኋላ በር ወጣች፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሎ። ማነው የነካው ብላ ጠየቀች፤ ስትጠይቅም ዓይኗ ሰው መርጦ ሃረገወይን ላይ አረፈ። የመለሰችው አሰፋሽ ናት፤ ማማሰያዋን ከድስቱ ሳታወጣ።

«እሷማ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከእኔ ዓይን አልጠፋችም። መጋረጃሽን አሽትቺው፤ ነጭ ሽንኩርት ከሸተተሽ እሷ ናት።»

ሰምሃር ቆመች። የሃረገወይንን እጅ አየች፤ ነጭ ሽንኩርት ያቃጠላቸው፣ ጫፋቸው የቀላ ጣቶች። ከዚያ ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ፍራሽ አየች። ጠዋት ያልነበረ ነገር ፊቷ ላይ መጣ። ከውስጥ ገብረዋሕድ ኢስሐቅን ይጣራል። ኢስሐቅ ቦርሳውን ይዞ ተነሳ፤ ግን ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረና፣ ብቻዬን አልገባም፣ ይምጡ እናቴ አላት። ሃረገወይን እጇን ታጠበች። አልቸኮለችም። ነጠላዋን አውልቃ አራግፋ እንደገና ለበሰችው፤ ጥለቱን ወደ ፊት አድርጋ።

ሳሎኑ ውስጥ ሃምሳ ሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በመብራት ተቀምጧል። ወፍራሙ ጨርቅ እስከ ወለሉ ወርዷል፤ ፀሐዩ በጠርዙ በኩል ብቻ እንደ ክር ይታያል። ምክር የማይሰጥ አልነበረም። አንዱ ባትሪውን ፀሐይ ላይ አስጡት ይላል፣ አንዱ የዱባይ ዕቃ ድሮም ይላል፣ አንዱ በእጅ እንሳበው ብሎ ኮቱን ያወልቃል። ገብረዋሕድ ሪሞቱን ይዞ መሀል ላይ ቆሟል። ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ነው የሚስቀው። ኢስሐቅ ሲገባ ፊቱ ፈካ፤ ኢስሐቅ ግን እጁን ወደ ኋላው ዘረጋ። «ጋሽ ገብረዋሕድ፣ ጠዋትም እኔ አልሠራሁትም። ጠዋት ምን እንደሆነ ያወቁት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ይጠይቁ» አለ።

ሃረገወይን ወንበር ስባ ወጣች። ይይዝዎታል ያላት ሰው አልነበረም። ብረቱን በእጇ ጀርባ ነካችው፣ ጥቂት አቆየችው፣ ወረደች። ጨርቁን ሊስብ የተነሳውን ሰውዬ በዓይኗ አስቀመጠችው። ለወንድሟ ብቻ እንደምትነግር ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች፤ ግን ሁሉም ሰማት።

«አልተቃጠለም። ደክሞት ነው። ምሳውን አቅርቡ፤ በልታችሁ እስክትጠግቡ ይነሳል።»

ከባንክ ከመጡት አንዱ፣ መነጽር ያደረጉ ረዘም ያሉ ሰው፣ አጠገባቸው የቆመውን ገብረዋሕድን በአድናቆት፣ እኚህ ማን ናቸው፣ መሐንዲስ ናቸው እንዴ አሉት፤ ግማሽ በቀልድ። ገብረዋሕድ አፉን ከፈተ። ሃረገወይን ዓይኗን ሪሞቱ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ጠዋት በስልክ ያለውን ቢደግመው ሰምታ ትወጣ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርቱ ገና አላለቀም። ገብረዋሕድ የታሰረ ክራቫቱን ነካ። ትምህርት ቤት ሳለ ልጆች ዱቄቱ ይሉት ነበር፤ ፀጉሩም ቅንድቡም ነጭ ሆኖ ክፍል ስለሚገባ። ያንን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለሰምሃር እንኳ ቤተሰቤ ነጋዴ ነበር ብሎ ነው ያለፈው።

«እህቴ ናት» አለ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ቀጥኖ ነበር፣ ከዚያ ሞላ። «ታላቄ ናት። ዓዲግራት ወፍጮ ቤት ነበረን። የተማርኩት በእሷ ዱቄት ነው። ከሞተር ጋር የኖረች ናት፤ እኔ ነኝ የረሳሁት።» ቀና ብሎ አላያትም። እሷም አላየችውም። ሰምሃር ከመመገቢያ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ሁለቱን አየች፤ ከዚያ ምግብ ይቅረብ ብላ ዞረች፣ ግን ወደ ማድ ቤት ሳይሆን ወደ ጓሮ ወጣች።

ምሳው ቀረበ። ከአሰፋሽ ሦስት ድስት አንዱ ባዶ ሆኖ ሁለተኛው ሲጋመስ፣ አቦይ ዘርአጽዮን ደረሱ። ለቅሶ ደርሰው ስለመጡ ዘግይተዋል። ገብረዋሕድን አንደኛ ክፍል ያስተማሩ፣ ሰማንያ የደፈኑ፣ ከዘራ የያዙ የዚያው ከተማ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው የበራውን ክሪስታል መብራት፣ የወረደውን ጨርቅ፣ በቀን በመብራት የሚበላውን ሰው አዩ። ምነው ልጆቼ፣ ፀሐዩ ምን በደላችሁ አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ አሳያቸው፣ አሳያቸው የሚል ተነሳ። ገብረዋሕድ ብድግ አለ። ሪሞቱ እጁ ላይ ነው። ለክብር እንግዳ አለማሳየት አይቻልም፤ አስተማሪው ናቸው። ጣቱ ወደ ቁልፉ ሄደ። ሃረገወይን ከግድግዳው ጥግ ሆና ራሷን በትንሹ፣ ከእሱ በቀር ማንም እንዳያይ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዘች። ገና ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗል ይህን ምልክት ካየ። ያኔ በቅዳሜ ገበያ፣ ከወፍጮው አጠገብ ሆና ራሷን ስትወዘውዝለት፣ ባዶ እግሩን ወደ በሩ ሮጦ ለተሰለፉት ሴቶች የሚጮኸው እሱ ነበር። ገብረዋሕድ እጁን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ በዚያ ሁሉ የባንክና የሴራሚክ ሰው ፊት፣ ያንን የገበያ ጩኸት ጮኸው።

«ሞተር አርፏል! እህላችሁን አውርዳችሁ ተቀመጡ!»

እንግዶቹ ግር ብሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። አቦይ ዘርአጽዮን ግን አልተገረሙም። ከዘራቸውን ቀስ ብለው ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ትከሻቸውን፣ ከባድ ነገር እንደተሸከመ ሰው፣ ዝቅ አደረጉ።

«እሺ ዱቄቱ» አሉ። «ሁለት ቁና ጤፍ ነው። የት ላውርደው?»

ሳቁ ከሳሎኑ አልፎ ወደ ኋላ ስለተሰማ አሰፋሽ ምን ተገኘ ብላ ማማሰያዋን ይዛ ብቅ አለች። ገብረዋሕድ ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አሁን የሳቀው በሙሉ ፊቱ ነው። መነጽር ያደረጉት ሰው ስለ ወፍጮው ጠየቁት፤ ስንት ፈረስ ጉልበት ነበረው፣ በቀን ስንት ኩንታል ይፈጫል። ቁጥሩን አላስታውስም አለና ወደ እህቱ ዞረ። እሷ ሁሉንም መለሰች፤ አንዱንም ሳትስት። ኢስሐቅ የበሩን መቃን ተደግፎ ይሰማል፤ ያ ወረቀት በሰባት ቋንቋ ያልነገረውን እሳቸው ይነግሩኛል ብሎ ይሆናል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ጥያቄ ጣል አደረገ። ከዚያ ሃረገወይን ተነስታ ወንበሩን ሳበች። ብረቱን በእጇ ጀርባ ነካች። ቆየች። ወረደችና ለገብረዋሕድ ራሷን ነቀነቀችለት።

ገብረዋሕድ አልተጫነም። ሪሞቱን ለእሷ ሰጣት። «አንቺ» አላት፤ ቀጥሎም በልጅነታቸው ቋንቋ «ሓፍተይ» አለ፣ እህቴ።

ተጫነች። ጉርርር የሚለው ድምፅ ንጹሕ ነበር። ፀሐዩ መጀመሪያ በእንግዶቹ ጫማ ላይ ወረደ፣ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ፣ ከዚያ የተቆረሰው ድፎ ላይ፣ ከዚያ የአቦይ ዘርአጽዮን ነጭ ፂም ላይ። ጨርቁ ከወገብ በላይ ሲያልፍ ግቢው ታየ። በግቢው ውስጥ፣ በመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ሰምሃር አለች። በበዓል ቀሚሷ እንዳለች፣ ከፍ ያለ ጫማዋን አውልቃ፣ የፍራሹን አንድ ጫፍ ይዛለች፤ ሌላውን ጫፍ ጠባቂው ይዟል። የማድ ቤቱ መተላለፊያ በድስት ስለተዘጋ በፊት ለፊት በኩል ዞረው ወደ ዋናው በር እየመጡ ነበር። መጋረጃው ተነስቶ ሃምሳ ሰው ሲያያት ሰምሃር ቆመች፤ ቀላች፤ ጥቂት አሰበች። ከዚያ የፍራሹን ጫፍ ወደ ላይ አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች፤ በእንግዶቹ መካከል፣ ይቅርታ፣ አሳልፉኝ እያለች፣ ወደ ሃረገወይን ክፍል።

መጋረጃው ጫፉ ላይ ደርሶ ጠቅ አለ። ሃረገወይን ሪሞቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ለወንድሟ መለሰችለት።

«እስከ ማታ እንዳትነካው» አለችው።

«እሺ» አለ ገብረዋሕድ።